ቅሬታ የጠፋበት ዓመት

በዚያ ዓመት ማንም ሰው ቅሬታ ይዞ አልመጣም። ነገሩ ሁሉ የጀመረው ከዚያ ነው።

የዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ሠራተኞች የጆርናል ክፍሏን ኃላፊ «ጭንቄ» ይሏታል። ስሙን ያወጣላት ምድር ቤት የሚሠራው መጽሐፍ ጠራዥ ነው። አንድ ቀን ቢሮዋን ቆልፋ፣ ደረጃውን ወርዳ፣ የግቢው በር ጋ ከደረሰች በኋላ «ቆልፌዋለሁ?» ብላ ስትመለስ አየና «ይቺ ሴትዮ ስትሞት እንኳ ሳጥኑ በደንብ መዘጋቱን ሳታረጋግጥ አትሄድም» አለ። ሰው ሳቀ፤ ስሙም እንደ ሙጫ ተጣብቆ ቀረ። እሷ ቅር አላላትም። ሥራው ራሱ ጭንቀታም ሰው የሚፈልግ ሥራ ነበር።

ዩኒቨርሲቲው የሚያነባቸው ጆርናሎች፣ ከጥቂቶቹ በቀር፣ ወረቀት መሆናቸው ከቀረ ቆይቷል። መደርደሪያ ላይ የሉም። ያሉት በየአሳታሚዎቹ ድረ ገጽ ላይ ነው። ቤተ መጻሕፍቱ የሚገዛው መግቢያውን ነው፤ ያውም ብቻውን ሳይሆን ከሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች ጋር በኅብረት ሆኖ፣ በጥቅል እየተዋዋለ። ጥቅሉ ውስጥ የትኛው ጆርናል እንዳለ፣ ከየትኛው ዓመት ጀምሮ እንደሚነበብ፣ በየትኛው አድራሻ እንደሚገባ መከታተል የጭንቄ ድርሻ ነው። ተማሪው ወይም ሐኪሙ የጆርናሉን ስም ሲጫን የሚወስደው እሷ ያስገባችው ሊንክ ነው። ጆርናል ደግሞ እንደ ተከራይ ነው፤ ዛሬ አንዱ አሳታሚ ቤት ያድራል፣ ነገ ተሽጦ ሌላው ዘንድ ይገኛል።

ስለዚህ ውሉ በታደሰ ቁጥር አንድ ነገር መበላሸቱ አይቀርም። ስልኩ እረፍት አይሰጥም። «ትናንት ይከፈትልኝ ነበር፣ ዛሬ ክፈል ይለኛል» የሚል የማስተርስ ተማሪ፣ «ሥራዬን አቆማችሁት» የሚል መምህር፣ ጆርናሉ ጠፋ ብሎ ቢሮዋ ድረስ መጥቶ የሚቆጣ ፕሮፌሰር። ጭንቄ ይህን ጩኸት ትወደው ነበር ማለት ይቻላል። የተጮኸበትን ትጠግናለች፤ ሌላው ደህና ነው ማለት ነው።

በዚያ ዓመት ግን ስልኩ ዝም አለ።

«ዘንድሮስ ማንን ደልለሽ ነው?» አላት ጠራዡ፣ ሻይ ሊጠጣ ሲወጣ።

«እኔም አልገባኝም።»

ዳይሬክተሩ ደግሞ በስብሰባ ላይ አመሰገናት። «ዝምታ ወርቅ ነው» አለ። «በተለይ ለቤተ መጻሕፍት።» ሰው ፈገግ አለ። ጭንቄ ግን ቢሮዋ ተመልሳ፣ ስልኩ መሥራቱን ለማረጋገጥ አንሥታ አዳመጠችው።

ዓመቱ ሲጋመስ ከአሳታሚዎቹ የአጠቃቀም ሪፖርት መጣ። ሌላ ጊዜ የምታየው ጠቅላላ ድምሩን ነው፦ ስንት ጽሑፍ ተከፈተ፣ ካምናው ጨመረ ወይስ ቀነሰ። ድምሩ ደህና ነበር። ሰዉ እንደ ወትሮው እያነበበ ነው። ልትዘጋው ስትል ግን ያ ዝምታ አላስችል አላትና ቁጥሩን በየኅትመት ዓመቱ ከፋፍላ አየችው።

አንዳንዶቹ ጆርናሎች ላይ በዚህ ዓመት የታተመ ነገር የከፈተ አንድም ሰው የለም።

አንባቢ ጠፍቶ አይደለም። አንባቢ ሞልቷል። ሁሉም የሚያነበው ያምናውንና ከዚያ በፊት ያለውን ነው። ሐኪሙም፣ መሐንዲሱም፣ የእርሻ ምርምር ባለሙያውም፣ ተነጋግረው የተስማሙ ይመስል፣ ባለፈው ዓመት መጨረሻ ላይ ቆመዋል። ጭንቄ ወንበሯን ወደ ስክሪኑ ሳበች። ቢሮው ውስጥ የሚሰማው የአሮጌው አየር ማናፈሻ ጉርምርምታ ብቻ ነበር።

ከዝርዝሩ አንዱን መረጠችና ተጫነችው። የአራስ ሕፃናት ሕክምና ጆርናል ነው። ገጹ ሳያንገራግር ተከፈተ። ከላይ የአሳታሚው ምልክት፣ ከጎኑ የዩኒቨርሲቲው ስም፣ ከሥር «እንኳን ደህና መጡ»። ጽሑፎቹን ነካካቻቸው፤ አንድ በአንድ ተከፈቱ። የመጨረሻው እትም ያምናው የመጨረሻ ወር ነው። ከዚያ በኋላ ምንም የለም። «ተዛውረናል» አይልም፣ «ተዘግቷል» አይልም። የተሰበረ ነገር ቢኖር ትጠግነው ነበር። ምንም የተሰበረ ነገር የለም።

ስልኳን አውጥታ፣ ከዩኒቨርሲቲው መስመር ወጥታ፣ የጆርናሉን ስም እንደ ማንም ሰው ፈለገችው። ወዲያው አገኘችው፤ በሌላ አሳታሚ ድረ ገጽ ላይ፣ በሌላ ቀለም፣ የዘንድሮ እትሞች ተደርድረው። እያንዳንዱ ጽሑፍ ጎን ትንሽ የተዘጋ ቁልፍ ተሥሏል።

አሁን ገባት። ጆርናሉ ተሽጧል። በውሉ መሠረት ጥቅሉ ውስጥ የነበረ ጆርናል ሲዛወር የዩኒቨርሲቲው መብት አብሮት ይዛወራል፤ ግን ቤተ መጻሕፍቱ መጠየቅ አለበት። ማንም አልጠየቀም። አሮጌው አሳታሚ ደግሞ የድሮውን ክምችት እንዳለ ተወው። ሰዉ በለመደው በር ይገባል፣ በሩም ይከፈትለታል፣ ውስጡ ግን ያምናው ዓመት ነው።

ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባላል። እሷ ይህን ተረት ስትሰማ ያደገችው ስለ ሰው ክፋት መስሏት ነበር።

አዲሱን ገጽ ወደ ታች ስታወርድ ዓይኗ አንድ ርዕስ ላይ ቀረ። «እርማት» ይላል። «ያለ ጊዜያቸው ለተወለዱ ሕፃናት የሚሰጥ የኢንፌክሽን መድኃኒት መጠንን የሚያሳየው ሰንጠረዥ ላይ የተደረገ እርማት።» ርዕሱ ለሁሉም ይታያል። ውስጡ ተቆልፏል። የወጣው በዓመቱ መጀመሪያ ነው።

የመጀመሪያውን ጽሑፍ ታውቀዋለች። አምና ታናሽ እህቷ ደውላ «እትዬ፣ አንድ ጥናት ወጥቷል አሉ፣ ፈልጊልኝ» ብላት ያን ቀኑን አግኝታ የላከችላት ራሷ ናት። እህቷ የአራስ ሕፃናት ሐኪም ናት። የምትሠራው በዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል፣ ከቤተ መጻሕፍቱ በስተጀርባ ባለው ረጅም ሕንፃ ውስጥ ነው።

ደወለችላት።

«እትዬ፣ ሥራ ላይ ነኝ። አስቸኳይ ነው?»

«አምና የላክሁልሽ የመድኃኒት ሰንጠረዥ... ትጠቀሙበታላችሁ?»

«እንዴታ። ግድግዳ ላይ ለጥፌዋለሁ። ሁሉም በእሱ ነው የሚሠራው። ምነው?»

«እርማት ወጥቶበታል።»

ከወዲያኛው ጫፍ የማሽን ድምፅ፣ የሚያለቅስ ሕፃን፣ ከዚያ የሚዘጋ በር ተሰማ። እህቷ ወደ ኮሪደር የወጣች ይመስላል።

«ምን የሚል እርማት?»

«አላውቅም። ተቆልፏል። እያፈላለግሁ ነው።»

«ቶሎ በይ» አለች እህቷ። ድምፅዋ ተለውጦ ነበር። ልጅ ሳለች የሆነ ነገር ሰብራ ስትመጣ እንዲህ ነበር የምትናገረው፣ ዝቅ አድርጋ፣ በአጭሩ።

ጭንቄ በሌላ ዩኒቨርሲቲ ተመሳሳይ ሥራ ለሚሠራ ሰው ደወለች። በአካል ተያይተው አያውቁም፤ በስልክ ግን ዘመድ ሆነዋል። እነሱ ጋ ማስታወቂያው በጊዜው ደርሶ፣ ጠይቀው፣ ተከፍቶላቸዋል። «አሁኑኑ» አላት፤ ስልኩን ሳታስቀምጥ መልእክቱ ገባ።

እርማቱ አጭር ነበር። በሰንጠረዡ ላይ መድኃኒቱ በየስንት ሰዓቱ እንደሚሰጥ የሚያሳየው ዓምድ በአንድ ረድፍ ተንሸራቷል ይላል። በጣም ትንንሾቹ ሕፃናት ጎን የተጻፈው ሰዓት ከእነሱ የሚበልጡት ልጆች ሰዓት ነው። ትንንሾቹ መድኃኒቱን መውሰድ የነበረባቸው በጣም ተራርቆ ነበር። አዘጋጆቹ ይቅርታ ይጠይቃሉ። ከታች አንድ ዓረፍተ ነገር ነበረች፦ ተደጋግሞ ሲሰጥ የመስማት ችሎታን ሊጎዳ ስለሚችል ሐኪሞች በአስቸኳይ እንዲያስተካክሉ እናሳስባለን።

አተመችው፤ ወረቀቱ ከማተሚያው ሙቅ እንደሆነ ይዛው ወጣች። ቢሮዋን መቆለፏን ለማረጋገጥ አልተመለሰችም።

የአራስ ክፍሉ ሞቃት ነው። በሩ ላይ ጫማ ይሸፈናል፣ እጅ እስከ ክንድ ይታጠባል። ውስጡ በመስታወት ሳጥኖች የተሞላ ነው፤ በየሳጥኑ ከመዳፍ ጥቂት የሚበልጥ ሕፃን፣ በየሕፃኑ ደረት ላይ የተለጠፈ ሽቦ። ሁሉም ነገር እየተለካ ትንንሽ ድምፅ ያሰማል። ከመድኃኒት ቁም ሣጥኑ በላይ፣ በላስቲክ ተለብጦ፣ በአራት ማዕዘኑ ተለጥፎ ሰንጠረዡ ተሰቅሏል።

እህቷ ወረቀቱን ቆማ አነበበችው። ከዚያ ወደ ግድግዳው ሄዳ ረድፉን በጣቷ ተከተለችው። ለሁለተኛ ጊዜ ተከተለችው። ከዚያ ሰንጠረዡን ከጥጉ ይዛ ላጠችው። ፕላስተሩ ከቀለሙ ጋር ተነሥቶ ግድግዳው ላይ አራት ነጭ ምልክት ተወ። ነርሶቹ ዞረው አዩ።

«እኔ ነኝ የለጠፍሁት» አለች፣ ለማንም ሳይሆን።

«እኔ ነኝ የሰጠሁሽ» አለች ጭንቄ።

«ግን እኮ በየጊዜው እከፍተዋለሁ። በሆነ ነገር ባመነታሁ ቁጥር ተመልሼ ጽሑፉን አያለሁ። እርማት ካለ ከላይ ይጻፋል፣ በቀይ። ምንም አልነበረም እትዬ። ባለፈው ሳምንት እንኳ አይቻለሁ። ምንም አልነበረም።»

«የምትከፍችው አሮጌውን ቤት ነው። እርማቱ የተጻፈው አዲሱ ቤት ነው።»

እህቷ አየቻት። ቁጣ አልነበረም። የጠየቀችው ነገር ግን ጭንቄ ከዚያ በኋላ ስንት ሌሊት ስታስበው አደረች።

«በሩን የምትጠብቂው አንቺ አይደለሽም እንዴ?»

መልስ አልጠበቀችም። ዞራ ነርሶቹን ጠራች። አሁን መድኃኒቱን የሚወስዱት ሁለቱ ሕፃናት ወዲያው ሰዓታቸው ተስተካከለ። ችግሩ የወጡት ናቸው። እርማቱ ከወጣ ወዲህ፣ ማለትም ስሕተቱ ታውቆ ዓለም ሁሉ ሲያስተካክል፣ እዚህ ክፍል ውስጥ በአሮጌው ሰንጠረዥ ታክመው ወደየቤታቸው የሄዱ ልጆች አሉ። ከዚያ በፊት፣ አምና፣ በእሱ የታከሙም አሉ፤ እህቷ የሁሉንም ካርድ ማስወጣት ጀመረች። ለየወላጆቹ እየተደወለ ለመስማት ምርመራ እንዲመጡ ይነገራቸዋል። ምን ተብሎ እንደሚነገራቸው ገና አልታወቀም።

ጭንቄ ቢሮዋ ተመልሳ ለአሮጌው አሳታሚ ጻፈች። ለምን አልተነገረንም ብላ። መልሱ በማግስቱ ጠዋት ደረሰ፣ ትሕትና የተሞላበት ነው። የተሸጡትን ጆርናሎች ዝርዝር አስቀድመን ልከናል፤ ደግመን አስታውሰናል፤ ከቤተ መጻሕፍታችሁም በየጊዜው መልስ አግኝተናል ይላል። መልሶቹም ተያይዘዋል። ሁሉም አንድ ዓይነት ናቸው፦ «መልእክታችሁ ደርሶናል። ስለ መልካም ትብብራችሁ ከልብ እናመሰግናለን።» ከሥሩ ስምና ማዕረግ፦ የጆርናል ክፍል ኃላፊ።

ስሙ የእሷ አይደለም። ከእሷ በፊት የነበሩት የጋሼ ባለቁልፍ ነው።

ጋሼ ባለቁልፍ ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል። ቅጽሉ የመጣው ጆርናል ወረቀት በነበረበት ዘመን የጆርናል ክፍሉን ቁልፍ በገመድ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ስለሚዞሩ ነው። ጭንቄን ከዩኒቨርሲቲ እንደወጣች የተቀበሏት፣ ሥራውን አንድ በአንድ ያስተማሯት እሳቸው ናቸው። ጥያቄ ስትጠይቃቸው አይመልሱላትም ነበር፤ ተነሥተው አብረዋት ይሄዱና መደርደሪያው ፊት ያቆሟታል። «አሁን እይ» ይላሉ። የስንብታቸው ቀን ዳይሬክተሩ ንግግር አደረገ። ምን ስጦታ እንስጥዎ ብንል የሚመጥን አጣን አለ፤ ስለዚህ የቤተ መጻሕፍቱ የኢሜይል አድራሻዎ ዕድሜ ልክዎን የእርስዎ ይሁን፣ እኛን መቼም አንለቅዎትም። ሰው አጨበጨበ። ጋሼ አለቀሱ። አሳታሚዎቹ ለውል ጉዳይ የሚጽፉበት አድራሻ ያው እሱ መሆኑ በዚያ ሰዓት ማንንም ትዝ አላለውም።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ቤታቸው ሄደች። በሩን የከፈተችላት ልጃቸው ነች፤ ጎልማሳ ሴት፣ ለትምህርት ቤት ደንብ ልብስ የምትሰፋ፣ ሜትር አንገቷ ላይ የጣለች። ስታያት ደስ አላት።

«እንኳን መጣሽ። ሰው ሲጠይቃቸው ደስ ይላቸዋል። ግን ላታውቂያቸው ትችያለሽ... ማለቴ፣ እሳቸው ላያውቁሽ ይችላሉ።»

«አሞዋቸዋል?»

«መርሳት ነው። ሐኪም እንደሱ ነው ያለው። የዱሮውን ልቅም አድርገው ያወራሉ። የዛሬውን ነው የሌለው።»

ጋሼ ሳሎኑ ጥግ፣ በመስኮቱ በኩል፣ ጠረጴዛ አጠገብ ተቀምጠዋል። ኮት ለብሰው ክራባት አስረዋል። ፊታቸው አሮጌ ላፕቶፕ ተከፍቷል።

«ጋሼ፣ እንደምን ዋሉ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ግቢ፣ ልጄ፣ ግቢ። ሥራ ላይ ነኝ። አዲሷ ልጅ አንቺ ነሽ?»

«አዎ፣ ጋሼ።»

«ተቀመጪ። እይ፣ ደብዳቤ የላከ ሰው ያለ መልስ አይቀመጥም። ይኼን ልመጂ። ባታውቂውም እንኳ ደርሶናል በዪ። ሰው ዝም ሲባል ይከፋዋል።»

ስክሪኑን ወደ እሷ አዞሩላት። የገባው መልእክት አልተከፈተም ማለት ይቻላል፤ ርዕሱን ብቻ ያያሉ፣ ከዚያ ይመልሳሉ። «ስለ መልካም ትብብራችሁ።» ቃሉ ባማረ ጽሑፍ ተሰድሯል፤ የፊደል ግድፈት የለበትም። እጃቸው ሳይንቀጠቀጥ ይጽፋሉ።

ልጃቸው ከኋላዋ ቆማ «ጠዋት ተነሥተው ይለብሳሉ» አለች ቀስ ብላ። «ከሥራ ቀረሁ እያሉ ይጨነቁ ነበር፣ በር ይደበድቡ ነበር። ይኼን ከከፈትሁላቸው ወዲህ ሰላም ሆኑ። ጡረታ ለወጣ ሰው ደግሞ ማን ቁም ነገር ይጽፋል ብዬ... ክፉ ነገር አለው እንዴ?»

ጭንቄ ሴትዮዋን አየች። ከዚያ ጋሼን አየች፤ ቀጣዩን መልእክት ለመመለስ መነጽራቸውን እያስተካከሉ ነበር። መናገር ነበረባት፣ ተናገረችም፣ ግን ጓዳ ገብተው ነው፣ በሹክሹክታ፣ ከልብስ ክምሩ አጠገብ። ልጃቸው እየሰማች ሜትሩን ጣቷ ላይ ትጠቀልላለች፣ ትፈታለች። ሲያልቅ የተናገረችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ሕፃናት ናቸው ያልሽኝ?»

ዳይሬክተሩ ነገሩን ሲሰማ ፊቱ ዐመድ መሰለ፤ ከዚያ ቀስ በቀስ መልኩ ተመለሰ።

«እንግዲህ ምንጩ ተገኘ» አለ። «ሥልጣን የሌለው ሰው ነው መልስ የሰጠው። ሪፖርቱን እንደዚያ እንጽፈዋለን። ሰውየው ታመዋል፣ ማንም አይከሳቸውም፣ ማንም አይጎዳም። ፋይሉ ይዘጋል።»

«ጥፋቱን በጋሼ ላይ እንጽፋለን ማለት ነው?»

«መልሱ ላይ ያለው የማን ስም ነው?»

«የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል» አለች ጭንቄ። ድምፅዋን አላነሣችም። «አድራሻውን ዕድሜ ልክዎን ይያዙት ያሉዋቸው እርስዎ ነዎት። እኔም አጨብጭቤያለሁ። ውሉን ያሳደስነው በዚያው አድራሻ ነው። ያን ሁሉ ጊዜ ወደ እኔ የሚመጣ ማስታወቂያ ለምን አነሰ ብዬ አልጠየቅሁም። እሳቸው ያደረጉት ያስተማሩኝን ነው።»

ዳይሬክተሩ ክፉ ሰው አይደለም። ብዙ ዓመት ያለ ነውር የሠራ፣ ለጡረታ አንድ ዓመት ብቻ የቀረው ሰው ነው። መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሸ።

«ታዲያ ምን ይጻፍ?»

«የሆነው።»

የሆነው ተጻፈ። ሁለቱም ፈረሙበት። ወደ ላይ ተላከ፤ የፕሬዚዳንቱ ጽሕፈት ቤት፣ የሆስፒታሉ ቦርድ፣ የሕግ ክፍሉ ተቀባበሉት። ከሁሉም የፈጠነው የኮምፒዩተር ክፍሉ ነበር። በማግስቱ የጋሼን አድራሻ ዘጋው።

የመስማት ምርመራው ሳምንታት ወሰደ። ሕፃናቱ በእናቶቻቸው እቅፍ እየሆኑ መጡ፤ ወፍረዋል፣ አንዳንዶቹ ጥርስ ለማውጣት ድዳቸውን ያኝካሉ። ጆሯቸው ላይ ትንሽ መሣሪያ ይደረግና ይጠበቃል። እህቷ በእያንዳንዱ ላይ ቆማ ጠበቀች። የአንዱ ሲያልፍ ሌላው ይገባል። አብዛኞቹ አለፉ። ጭንቄ በየማታው «ዛሬስ?» ብላ ትደውላለች፤ «ደህና» ትላለች እህቷ፣ ከዚያ ስልኩን ትዘጋለች። ሌላ ወሬ አያወሩም ነበር።

አንድ ቀን «ደህና» አላለችም።

ያላለፈው ሕፃን የአንድ አውቶቡስ ቲኬት ቆራጭ ልጅ ነው። እርማቱ ከወጣ በኋላ ነው የተወለደው። እናቱ ሲደወልላት ፈጥና የመጣችው ምርመራው ነጻ መሆኑን ስለሰማች ነበር። ወንበሩ ላይ ተቀምጣ ለነርሷ ስለ ልጇ አወራች። ጨዋ ነው አለች። ጎረቤት ሁሉ ይቀናብኛል። በር ቢበረገድ፣ ውሻ ቢጮህ፣ ሬዲዮ ቢከፈት አይነቃም፤ እንደ እሱ ያለ እንቅልፋም አላየሁም። መሣሪያው በዚህኛው ጆሮ ተሞከረ፣ በዚያኛው ጆሮ ተሞከረ። ነርሷ ባትሪውን ለወጠች። እንደገና ተሞከረ።

እህቷ ለእናቱ ራሷ ነገረቻት። የሕግ ክፍሉ ሰው ቆይ ብሏት ነበር፤ አልቆየችም። ክፍሉን ዘግታ፣ ጎን ለጎን ተቀምጣ፣ ስለ ሰንጠረዡም ስለ እርማቱም ነገረቻት። ሴትዮዋ አልጮኸችም። ልጁን ከጭኗ አንሥታ ፊቱን ወደ ፊቷ አዞረችና ስሙን ጠራችው። ልጁ አፏ ሲንቀሳቀስ አይቶ ሳቀ።

«ይኸው» አለች ለእህቷ፣ «ይኸው ሰማኝ።»

ያንን ነው እህቷ ለጭንቄ ደጋግማ የነገረቻት፣ በዚያ ሳምንትም፣ ከዚያ በኋላም። ሥራዋን አልለቀቀችም። ግን ከዚያ ወዲህ ምንም ነገር ግድግዳ ላይ አትለጥፍም። ልጁ ለጆሮ መሣሪያ ተመዝግቦ ተራ ይጠብቃል፤ ሆስፒታሉ ወጪውን እሸፍናለሁ ብሎ ጽፏል።

የጋሼ ልጅም ደወለች። ጋሼ አድራሻቸው ከተዘጋ ወዲህ ጠዋት ለብሰው ይቀመጣሉ፣ ምንም አይገባም። መጀመሪያ መስመሩ ተበላሽቷል አሉ። ከዚያ «ምን በድዬአቸው ነው የማይጽፉልኝ?» ማለት ጀመሩ። አሁን ክራባቱን ማሰር ትተዋል፣ ምግብም እየቀነሱ ነው። «አንቺን ለመውቀስ አይደለም የደወልሁት» አለች ልጃቸው። «ለሚያውቃቸው ሰው ልንገር ብዬ ነው።»

ጭንቄ የቀሩትን ጆርናሎች አንድ በአንድ ማየት ጀምራ ነበር። የአራሶቹ ብቻ አይደለም የተሸጠው። በዚያው ሽያጭ አብረው የሄዱ ብዙ ናቸው፤ ስለ መጠጥ ውሃ ማጣሪያ፣ ስለ ከብት ክትባት፣ ስለ አፈርና ሕንፃ መሠረት። ሁሉም ሲነኩ ይከፈታሉ። የአዲሱን አሳታሚ ገጽ እያገላበጠች «እርማት» የሚል ቃል ትፈልጋለች፤ «ተሰርዟል» የሚልም። ስታገኝ ለሚመለከተው ትምህርት ክፍል ትጽፋለች። ከጥቂቶቹ በቀር የመለሰላት የለም። ስለዚህ መደወል ጀመረች።

የአፈር ምህንድስናው መምህር ስልኩን ሲያነሣ በጣም ተግባቢ ነበር። የምትለውን ጽሑፍ በደንብ ያውቀዋል። ስሌቱን ለማስተማር ብቻ ሳይሆን ለሥራም ተጠቅሞበታል፤ በግቢው የታችኛው በኩል ለተሠራው አዲሱ የተማሪዎች ማደሪያ የመሠረቱን አማካሪ እሱ ነበር።

«ሕንፃው አልቋል?» አለች ጭንቄ።

«እንዴ፣ ካለቀ ቆየ። ተማሪዎች ገብተውበታል። ምነው?»

«ስሌቱ ላይ እርማት ወጥቷል።»

ወረቀት ሲገላበጥ ሰማች። መሳቢያ ሲከፈት ሰማች።

«ልየውና ልደውልልሽ» አለ በመጨረሻ።

ስልኩ ተዘጋ። ጭንቄ ጥቂት ጠበቀች። ከመስኮቷ ማደሪያው ከዛፎቹ በላይ ይታያል፤ አዲስ ቀለሙ፣ በየመስኮቱ የተሰጡት ልብሶች፣ ሰገነት ላይ ቆመው የሚያወሩ ልጆች። እርማቱን አተመች፤ ኮቷን አነሣችና የመምህሩን ቢሮ ፍለጋ ወጣች።